ስለ ኋላ ሹካ ኩሽኔታ ማን ያስብ?

«ሳይቃጠል በቅጠል» የማይል ሰው የለም። በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ የቆሙትን ሞተር ሳይክሎች ላየ ግን አባባሉ ከአፍ አልፎ ወደ እጅ አልወረደም ያሰኛል። ሞተር ሲታጠብ፣ ዘይት ሲቀየር፣ ጎማ ሲነፋ እናያለን። የኋላ ሹካውን ይዞ የሚነቀንቅ ሰው ግን አይታይም። እንደ እኔ አስተያየት ይህ ሥራ የጋራዥ ብቻ ሳይሆን የነጂውም መሆን አለበት።

የኋላ ሹካ የምለው በማኑዋል ስዊንግ አርም የሚባለውን ነው። የኋላ ጎማውን ተሸክሞ፣ ሻንሲው ላይ በአንድ ረጅም ቡሎን ታስሮ፣ ከመንገዱ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ቡሎኑ በሚያልፍበት ቦታ እንደ ሞተሩ ዓይነት የመርፌ ኩሽኔታ፣ የብረት ወይም የፕላስቲክ ቡሽ፣ አለዚያም ጎማ ያለው ቡሽ ይገኛል።

አንዳንድ ጓደኞቼ «የጎማ ኩሽኔታ ሙሉ ቀን ይሽከረከራል፤ ይሄ ትንሽ ብቻ እየተነቃነቀ እንዴት ያልቃል?» ይላሉ። የሚያልቀው እኮ ትንሽ ብቻ ስለሚነቃነቅ ነው! ሙሉ ዙር ስለማይዞር እነዚያው መርፌዎች እዚያው ቦታ ላይ ይመታሉ። ግሪሱ ወደ ጎን ይገፋል፣ ተመልሶም አይመጣም። ባዶው ቦታ ላይ ውሃ ሲገባ ዝገት ይጀምራል።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ውሃው ብዙ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው አስፋልት በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ያልፋል። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ቋሪት፣ ወደ ሰከላ ወይም ወደ ወንበርማ የገጠር ቀበሌዎች የሚዘልቅ ሞተር ግን በበጋ አቧራ፣ በክረምት ቀይ ጭቃ ይጠብቀዋል፤ ጅረትም ይሻገራል። ሲመለስ በግፊት ውሃ ይታጠባል። ውሃው ቀጥታ ቡሎኑ ላይ ከተለቀቀ የተረፈውንም ግሪስ ያስወጣል። እንደ ያማሃ ኤጂ 100 ባሉት ላይ ደግሞ ካቴናው በሽፋን ስለሚሸፈን ችግሩ ቶሎ ለዓይን አይታይም።

ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ሹካው ሲላላ የኋላው ጎማ ከፊተኛው መስመር ይወጣል፣ ካቴናውም ያለጊዜው ይበላል። የክትባት ሣጥን የጫነ የጤና ሠራተኛ ቁልቁለት ላይ ሲታጠፍ ሞተሩ ከኋላ ቢወዛወዝበት ምን ይሆናል? መልሱን ለአንባቢ እተዋለሁ።

ምርመራው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የኋላ ጎማው ከመሬት እንዲነሳ ከሞተሩ ሥር ሣጥን ይደረጋል። አንዱ ሻንሲውን ይይዛል፣ ሌላው የሹካውን ጫፍ ይዞ ወደ ግራና ቀኝ ይገፋል። ጎማውን ሳይሆን ሹካውን መያዝ ያስፈልጋል፤ ጎማው ተነቃንቆ ሹካው ካልተነቃነቀ ጥፋቱ የጎማው ኩሽኔታ ነው። ሹካው ራሱ ቀጭ ቀጭ ካለ ይፈታ።

ሲፈታም ጥንቃቄ አለው። የዛገ ቡሎን በመዶሻ አይደበደብም፤ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ጠጥቶ ይደር፣ ከዚያ በመዳብ ወይም በእንጨት ይገፋ። ቡሎኑና በውስጥ ያለው ቱቦ ጉድጓድ ካወጡ አዲስ ኩሽኔታ ብቻ ማስገባት ገንዘብ ማባከን ነው። ኩሽኔታው በሞርሳ ቀስ ብሎ፣ በነበረበት ጥልቀት ይገባል፤ ግሪስ ይሞላል፣ የውሃ መከላከያ ጎማውም ይቀየራል። ጎማ ያለው ቡሽ ግን ግሪስ አይቀባም፣ ጎማውን ያበላሸዋልና። እሱ የሚጠብቀውም ሞተሩ በሁለት እግሩ ከቆመ በኋላ ነው።

«ስፔር ከየት ይመጣል?» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ችግር ነው። ነገር ግን በጊዜ ግሪስ ያገኘ ኩሽኔታ ስፔር ቶሎ አይጠይቅም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ባሪ ኮልማንና የሞተር ተወዳዳሪው ራንዲ ማሞላ በሶማሊያ ያዩት በቀላል ጥገና እጦት የቆሙ ሞተሮችን ነበር። በ1996 እ.ኤ.አ. በይፋ የተቋቋመው ራይደርስ ፎር ሄልዝ የተነሳው ከዚህ ነው። መርሁም ግልጽ ነበር፦ ነጂው በየቀኑ ይፈትሽ፣ መካኒኩ ሞተሩ እስኪሰበር ሳይጠብቅ በቀጠሮ ይጠግን።

ስለዚህ ለዲፓርትመንታችን ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በተግባር ትምህርት ሞተር አውርዶ መግጠም ላይ ብቻ ሳንወሰን የኋላ ሹካ ምርመራም ይካተት። ሁለተኛ፣ በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ፣ በመስከረም መጨረሻ፣ ተማሪዎች ለጤናና ለግብርና ሠራተኞች የግማሽ ቀን ሥልጠና ይስጡ። ወጪው ጥቂት ግሪስና ጨርቅ ነው። መካኒክ ከተማ ነው ያለው፤ ሞተሩ ላይ ተቀምጦ ገጠር የሚገባው ግን ነጂው ነው። እሱ ካላወቀ የእኛ ዕውቀት ወርክሾፕ ውስጥ ተቆልፎ ቀረ ማለት ነው።