ጮቄ በገበሬው እጅ ይቆይ

የዓለም ቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ምርጥ የቱሪዝም መንደሮችን ሲመርጥ የጮቄ ተራሮች ሥነ ምህዳር መንደር አንዱ ሆኖ ተመርጧል። ከደብረ ማርቆስ በላይ ያለው ይህ አገር ጅብራና አስታ የሚበቅልበት፣ ገበሬው ገብስና ድንች የሚያመርትበት፣ ለአባይ የሚገብሩ በርካታ ወንዞች የሚመነጩበት ደጋ ነው። ምርጫው ለጎጃም ክብር ነው፤ አንድ ጥያቄም አብሮ አምጥቷል። እንግዳ ሲበዛ ጥቅሙ ለማን ነው? እኔ የምለው፣ ለሆቴል የሚሆን መሬት ለማንም ከመሰጠቱ በፊት የነዋሪው ድርሻና መብት በጽሑፍ ይታሰር ነው።

ይህን የምለው በሌላው ዓለም የደረሰውን አይቼ ነው። በባሊ ደሴት የምትገኘው ኩታ ጸጥ ያለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። በሰሌዳ ማዕበል የሚጋልቡ ወጣቶች ለባሕሯና ለዝግታ ኑሮዋ ሲሉ መጡ፤ ሆቴሉና መጠጥ ቤቱ ተከተላቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 ባለሥልጣናት በዚያው ዳርቻ የቆሻሻ አስቸኳይ ሁኔታ አወጁ። በማግስቱ ዓመት ፊሊፒንስ የቦራካይን ደሴት ለስድስት ወራት ለጎብኚ ዘጋች፤ ፍሳሽ ወደ ባሕሩ ሲለቀቅ ከርሞ ነበርና። በተዘጋባቸው ወራት ጀልባ ቀዛፊውና የሆቴል ሠራተኛው ተጎዱ። ጮቄ ደግሞ ፍሳሽ የሚሸሸግበት ባሕር እንኳ የለውም፤ ከላይ የተለቀቀው ሁሉ ወርዶ በቆላው ሰው መጠጥ ውኃ ውስጥ ይገባል።

«ገበሬው ካፒታልም ልምድም የለውም፤ ባለሀብቱ ካልመጣ ሥራ ከየት ይመጣል?» የሚሉ አሉ። የሥራው ችግር እውነት ነው፤ መሬቱ ጠቧል፣ ወጣቱም ወደ ከተማ ይሰደዳል። ግን በራሱ መሬት ላይ የቀን ሠራተኛ የሆነ ገበሬ ሥራ ቢያገኝም ሀብቱን አጥቷል። ልምድ የለውም የሚለውን ደግሞ የመንዝ ጓሳ ይመልሰዋል። የመንዝ ሕዝብ የጓሳውን ሣር መቼ እንደሚታጨድና መቼ እንደሚከለል በራሱ ሥርዓት እየወሰነ ለዘመናት ጠብቆታል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ያ ሥርዓት ቢላላም ሕዝቡ በአዲስ መልክ አደራጅቶታል፤ ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው፣ እንግዳ ማረፊያም አለው። ባለሀብት ይምጣ፤ ግን ከቀበሌው ኅብረት ሥራ ማኅበር ጋር በድርሻ ይሥራ፣ ምንጮችን አይንካ፣ የክፍሎቹም ብዛት ውኃው በሚችለው ይወሰን።

«በዚህ የሰላም እጦት ጊዜ ስለ ጎብኚ ማውራት ምን ይሠራል?» የሚል ጥያቄም ተገቢ ነው። የሰው ሕይወት ከቱሪዝም ይቀድማል። ይሁንና ሰላም ሲመለስ መሬት ፈላጊው ከእንግዳው ቀድሞ ይደርሳል፤ ያኔ ደንብ እናውጣ ማለት የመሸበት ነገር ነው። የዞኑና የወረዳዎቹ አስተዳደሮች፣ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲና የአካባቢው ሽማግሌዎች የደንቡን ረቂቅ ከአሁኑ ከገበሬው ጋር ቁጭ ብለው ቢያዘጋጁ ጮቄን ለልጆቹ ያቆዩለታል።