የአጃቢውና የቃሉ ነገር

በሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ስንመላለስ፣ ብዙዎቻችን ጂጂ ስለምንላት ስለ እጅጋየሁ ሽባባው ተከራከርን። እርሱ «ዜማዋን ፈረንጅ ወስዶታል» አለ። እኔ አልተስማማሁም።

እርግጥ ነው፤ የቻግኒዋ ልጅ እ.ኤ.አ. በ2001 በስሟ ባወጣችው አልበም ሄርቢ ሃንኮክንና ዌይን ሾርተርን የመሰሉ የጃዝ ሊቃውንት አጅበዋታል። በ2003 ደግሞ «ዛዮን ሩትስ» በተሰኘው አልበም ክራርና ጊታር ወደሚሰሙበት ለዘብ ያለ ዜማ ተመለሰች። አጃቢው ተለዋወጠ፤ ቃሉ ግን አልተለወጠም። ስለ አባይና ስለ አድዋ ስታዜም፣ ለባዕድ ጆሮ ብላ አማርኛዋን አላሳሳችም።

በባንክ መስኮት የውጭ ገንዘብ ስመነዝር እውላለሁ፤ የተመነዘረ ገንዘብ መልኩን ይለውጣል። የእርሷ ዘፈን ግን ሳይመነዘር ባሕር ተሻገረ።

ይህን የምለው ለሙግት ብቻ አይደለም። ከዓመታት በፊት አንድ ወዳጄ ግጥሞቼን አንብቦ «የገጠር ቃል በዝቶበታል» ቢለኝ፣ ከአያቴ የወረስኋቸውን ቃላት አንድ በአንድ ሰረዝኋቸው። ግጥሞቹ ተመሰገኑ። ዛሬ ሳነባቸው ግን የሌላ ሰው ይመስሉኛል።

አንባቢ ሆይ፣ ክራር ይዞ ቃሉን ከጣለ ሰው ይልቅ፣ በፒያኖ ታጅቦ ቃሉን የጠበቀ ለሀገሩ ይቀርባል ባይ ነኝ። እኔም የሰረዝኋቸውን ቃላት ከአሮጌው ደብተሬ እየለቀምሁ ወደ ቦታቸው መመለስ ጀምሬአለሁ።