የሰፈር ጉዳይ በሰፈር ይወሰን

ተማሪዎች፣ በክረምት ወራት ዋናውን የቃሊቲና የአቃቂ መንገድ ትታችሁ ወደ ውስጥ ሰፈሮች ብትዘልቁ፣ የጎርፍ መውረጃ ቦይ በደለልና በፕላስቲክ ተደፍኖ ውኃው ወደ ሰው ደጃፍ ሲፈስ ማየታችሁ አይቀርም። ቦዩ የት ላይ እንደተደፈነ የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ወረዳው ግን ገንዘቡን የሚያገኘው ከላይ ተደልድሎ ሲወርድለት ነው። እኔም አስተማሪ በነበርኩበት ዘመን፣ አንዲት የተሰበረች የውኃ ቧንቧ ለማስጠገን የተጻፈ ደብዳቤ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዞር የትምህርት ዘመኑ እንዳለቀ አስታውሳለሁ።

በእኔ አስተያየት፣ እንዲህ ያለውን ጉዳይ ወረዳው ራሱ ሊወስንበት፣ ለዚህም የራሱ ገቢ ሊኖረው ይገባል። ሐሳቡ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አቃቂ ወደ አዲስ አበባ ከመጠቃለሉ በፊት ራሱን የቻለ ከተማ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 50፣ ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። ሥልጣን ያለ ገንዘብ ግን ስም ብቻ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች ለወረዳዎች ጥቅል በጀት ይሰጥ ጀመር፤ ይሁን እንጂ አብዛኛው ለደመወዝ ስለሚውል ለመንገድና ለቦይ የሚተርፈው ጥቂት ሆነ።

«ሥልጣን ወደ ታች ቢወርድ ሙስናና ቂም በቀል ይነግሣል» የሚሉ አሉ። ይህን ስጋት አቅልላችሁ አትመልከቱት። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን፣ ማለትም ቀበሌዎችን፣ አቋቋመ። በወር እስከ 100 ብር የሚከራዩ ቤቶችን እንዲያስተዳድሩ፣ በሸንጎም እንዲዳኙ ተፈቀደላቸው። ብዙም ሳይቆይ፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ ብዙዎቹ ቀበሌዎች ጎረቤት ጎረቤቱን የሚያሳስርባቸውና የሚያስገድልባቸው ሆኑ። ያን ዘመን ያየ ሰው «ቀበሌ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ነገር ግን ጥፋቱን ያመጣው የሥልጣኑ ቅርበት ነው አልልም፤ ትእዛዙ ከላይ ይወርድ ነበር፤ ባለ ሥልጣኑንም ነዋሪው ሊጠይቀውና ሊሽረው አይችልም ነበር።

ስለዚህ ከገንዘቡ ጋር ምርጫው አብሮ መሄድ አለበት። የአዲስ አበባ ወረዳዎች ምክር ቤቶች ምርጫ ሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ተካሂዶ ነበር። በ2010 ዓ.ም. መደረግ የነበረበት ተከታዩ ምርጫ ግን ተራዘመ። በ2005 ዓ.ም. ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ገና ሕፃናት ነበራችሁ። በእጁ በጀት ያለው፣ በድምፅ ግን የማይመዘን ሹም ለሰፈሩ ሌላ ጌታ ይሆንበታል እንጂ አገልጋይ አይሆነውም።

ሁሉም ነገር ይውረድ ማለቴ ግን አይደለም። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች ከከተማው ሰሜን ካሉት ተራሮች ተነሥተው፣ የመኖሪያ ቤቶችንና የፋብሪካዎችን ፍሳሽ ተሸክመው ወደ አቃቂ ይወርዳሉ፤ ከዚያም ከከተማው ወሰን ውጭ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ። በዚህ ውኃ አትክልት የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ። የአቃቂ ወረዳ ሹም የቱንም ያህል ሥልጣን ቢሰጠው፣ ከላይ ባሉ ሰፈሮች የሚገኝ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሹን እንዳይለቅ ሊከለክል አይችልም። ይህ የከተማው አስተዳደር፣ የኦሮሚያ ክልልና የፌዴራል መንግሥት የጋራ ሥራ ነው። ቢሆንም እነዚህ ሦስቱ ስለ ወንዙ ሲመክሩ፣ ሽታው በየቀኑ የሚደርሰው የታችኛው ሰፈር ነዋሪ የመረጠው ሰው አብሯቸው ሊቀመጥ ይገባዋል።