ጠበሉም ክኒኑም

“ጠበል ወይስ መድኃኒት?” የሚለው ሙግት በ1999 ዓ.ም. ማለቅ ነበረበት። ያን ዓመት ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒት መውሰድ ኃጢአት እንዳልሆነ፣ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑና እንደማይጣሉ በአደባባይ ተናገሩ።

ከዚያ በፊት የነበረውን የምናስታውስ እናስታውሳለን። መድኃኒቱ በ1997 ዓ.ም. በነፃ መታደል ከጀመረ በኋላም እንጦጦ ላይ ክኒኑን ደብቆ የሚጠመቅ ነበር። ብልቃጡ እየተንቋቋ እንዳያጋልጣቸው ክኒኑን በወረቀት ጠቅልለው ነጠላቸው ጫፍ ላይ የሚቋጥሩ ሴቶች ነበሩ። “መድኃኒት ከያዝሽማ እምነትሽ ጎድሏል” የተባሉት ደግሞ ጨርሰው ጣሉት። ክፋቱ፣ መድኃኒቱን የጣለ ሰው ወዲያው አይወድቅም። ሰንበትበት እስኪል ደህና ይመስላል፤ ዳንኩ ብሎም ይመሰክራል። ቫይረሱ ግን ውስጥ ውስጡን ይራባል።

ፓትርያርኩ አዲስ ትምህርት አላመጡም። ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ የሚያስተምረው መጽሐፈ ሲራክ፣ ምዕራፍ 38፣ ከቤተ ክርስቲያኒቱ ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ ነው። ሆኖም ከጤና ቢሮ ፖስተር ይልቅ የአባቶች ቃል ይሰማል። ሰው የሚያከብረውን ነው የሚሰማው፤ ሐኪሞቻችን ይህን ቢቀበሉት ብዙ ድካም ይቀንስላቸው ነበር።

የሚቆጨኝ ያ ቃል ለኤችአይቪ ብቻ የተነገረ ይመስል እዚያው መቅረቱ ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ክኒኑን ድንገት ሲያቋርጥ ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ ሊነሳበትና ሊሞት ይችላል። ከልጅነቱ ኢንሱሊን የሚወጋ የስኳር ሕመምተኛ መርፌውን ከተወ የቀናት ጉዳይ ነው። ጠበል ቦታ በሰንሰለት ታስሮ የሚውለውን የአእምሮ ሕመምተኛማ ሁላችንም እያየን አልፈናል። ደግሞ ነገሩን ሁሉ ጠበል ላይ መደፍደፍ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ “ተፈውሰሃል፣ መድኃኒትህን ጣል” የሚለው ድምፅ ከፈውስ ጉባኤ መድረክም ይሰማል።

“መንግሥት በእምነት ምን አገባው?” ለሚሉ፣ ሕገ መንግሥቱ መልስ አለው። አንቀጽ 27 የሃይማኖትን ነፃነት ያረጋግጣል፤ ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ እምነትን የመግለጽ መብት ለጤና ጥበቃ ሲባል በሕግ ሊገደብ እንደሚችል ይናገራል። እንዲያም ሆኖ ጠበል ቦታ ፖሊስ ቢላክ ደስ አይለኝም። አዋቂ ሰው ጠበሉን መርጦ ሕክምናውን ቢተው ያሳዝነኛል፣ እመክረዋለሁ፤ ጎትቼ ሐኪም ቤት ላስገባው ግን አልችልም። ቢከለከልም ማንም ወደማያየው ጓዳ ይገባል። ስለ ሕፃን ስንነጋገር ግን አቋሜ ሌላ ነው። ልጁ አልመረጠም። አንቀጽ 36 የሕፃናት ደህንነት በቅድሚያ እንዲታሰብ ያዛል፤ የልጁን መድኃኒት የሚጥል ወላጅም ሆነ ጣሉት የሚል መካሪ በሕግ መጠየቅ አለበት።

ሐኪም ቤትም ከወቀሳ አያመልጥም። ጠበል የሚጠጣ ሰው በባዶ ሆዱ ማልዶ ይጠጣል፤ ብዙ ጊዜ ያስመልሰዋል። ክኒኑን ጠበሉ ዘንድ ከመሄዱ በፊት ከዋጠው አብሮ ሊወጣ ይችላል። መፍትሔው ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ የመዋጫውን ሰዓት ማስተካከል ነው፤ የአምስት ደቂቃ ወሬ። ግን “ጠበል ትጠጫለሽ እንዴ?” ብላ በግንባሯ የምትጠይቅ ነርስ ፊት ማን እውነቱን ያወራል? እኔም የምጠመቅ ሰው ነኝና ያን ፊት አውቀዋለሁ። “አይ፣ አልጠጣም” ይባልና ካርዱ ላይ ይጻፋል፤ መድኃኒቱ ለምን አልሠራ እንዳለም ሳይታወቅ ይቀራል።

ስለዚህ ልመናዬ ለአጥማቂዎች፣ ለገዳማት አስተዳዳሪዎችና ለየጉባኤው መጋቢዎች ነው። ሕዝቡ እናንተን ይሰማል። ከማጥመቃችሁና ከመጸለያችሁ በፊት፣ የኤችአይቪም ይሁን የስኳር፣ የሚጥል በሽታም ይሁን የአእምሮ፣ ማንም ሐኪሙን ሳያማክር መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ በድምፅ ማጉያው ተናገሩልን።