የወጋ ቢረሳ፣ የተወጋ አይረሳም፦ ስለ «ሴክሽን 31» ፊልም የቀረበ ትችት



ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ እየተገለበጠ በፔካ 12 የሚዞር አንድ ፊልም አለ፤ «ስታር ትሬክ፦ ሴክሽን 31» ይባላል። ፓራማውንት ፕላስ የተባለው የኢንተርኔት ቴሌቪዥን በጃንዋሪ 24 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ከተመለከቱት ወገኖች ከፊሎቹ «ድብድቡ ግሩም ነው» ብለውታል፤ ከፊሎቹ ደግሞ «ፍሬ ቢስ ነው» ብለው ትተውታል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ከሁለቱም ይለያል። ፍሬ ቢስ ፊልም ሞልቷል፤ ጊዜ ከመግደል በቀር ጉዳት የለውም። ይህኛው ግን ገራፊን አሽሞንሙኖ ጀግና አድርጎ ያቀርባል። ይህን በዝምታ ማለፍ ለሌላው ቢፈቀድ ለእኛ አይፈቀድም።

በቅድሚያ ስታር ትሬክ ምን እንደነበረ እናስታውስ። ጂን ሮደንቤሪ የፈጠረው ይህ የቴሌቪዥን ድርሰት ከ1966 እስከ 1969 እ.ኤ.አ. በ79 ክፍሎች ታየ። ዘመኑ አሜሪካ በቬትናም የምትዋጋበት፣ ጥቁሮች ለመብታቸው ደማቸውን የሚያፈሱበት፣ ሁለቱ ኃያላን በኑክሌር የሚፋጠጡበት ነበር። በዚያ ዘመን ጥቁር ሴት፣ እስያዊና ሩሲያዊ በአንድ የጠፈር መርከብ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ታዩ። የመገናኛ መኮንኗ ስም ኡሁራ ነበር፤ «ኡሁሩ» ከሚለው የስዋሂሊ ቃል የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ነጻነት። ተዋናይዋ ኒሼል ኒኮልስ ሥራውን ልትለቅ ስታስብ እንዳትለቅ የመከራት ማርቲን ሉተር ኪንግ ነበር። የመርከቧን መሪ የሚይዘውን ሱሉን ሆኖ የተጫወተው ጆርጅ ታኬይ ደግሞ ገና ሕፃን ሳለ፣ በ1942 እ.ኤ.አ.፣ ከወላጆቹ ጋር በሽቦ አጥር ወደታጠረ ካምፕ የተጋዘ ሰው ነው። ጥፋቱ የጃፓን ዘር መሆኑ ብቻ ነበር። በካምፕ ያደገ ልጅ ከዋክብትን የሚያቋርጥ መርከብ ሲነዳ ያሳየን ድርሰት ይህ ነበር። የወደድነውም በከንቱ አይደለም።

ኧረ ለመሆኑ ሴክሽን 31 ማነው? በ1998 እ.ኤ.አ. «ዲፕ ስፔስ ናይን» በተባለው ተከታታይ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተዋወቅነው ምስጢራዊ የስለላ ድርጅት ነው። ለማንም አይጠየቅም፤ ፍርድ ቤት አያውቀውም፤ «ሰላማችሁን የምጠብቀው እኔ ነኝ» እያለ ሰው ያፍናል፣ ይገድላል። የጠላትን ወገን ከነዘሩ ለማጥፋት በሽታ ሠርቶ አሰራጨ። ያን ጊዜ ግን ደራስያኑ ድርጅቱን ጀግና አላደረጉትም። ጀግናው «ከእናንተ ጋር አልሠራም» ብሎ የታገላቸው ዶክተር ባሺር ነበር። ጦርነቱም ያበቃው በመርዙ አልነበረም፤ መድኃኒቱ ለጠላት ከተሰጠ በኋላ ነው። ትምህርቱ ግልጽ ነበር።

እነሆ ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ ያው ድርጅት ስሙ በፊልም ርዕስ ላይ በጌጥ ተጽፎ ተመለሰ። መሪ ተዋናይዋ ፊሊፓ ጆርጁ ናት። ይህች ሴት በሌላ ዓለም ንጉሠ ነገሥት ነበረች፤ ሕዝቦችን የፈጀች፣ ባሪያ ያደረገቻቸውን ፍጡራን ሥጋ በገበታዋ ያስቀረበች። ፊልሙ ራሱ የሚከፈተው ዙፋን ለመያዝ የገዛ ቤተሰቧን በመርዝ ስትጨርስና የምትወደውን ወጣት፣ ሳንን፣ ፊቱን በጋለ ብረት ተኩሳ ባሪያዋ ስታደርገው በማሳየት ነው። ከዚያ በኋላ ምን ይሆናል? ንግሥቲቱ የመጠጥ ቤት ባለቤት ሆና፣ አምራና ተሽቀርቅራ፣ እየቀለደች ትመጣለች። ክፉው ሰው ሆኖ የሚመጣው ማን መሰላችሁ? ሳን! የተተኮሰው፣ ባሪያ የሆነው፣ የተበደለው ነው። እርሱ ይሞታል፤ እርሷ ከጓደኞቿ ጋር ጽዋ ታነሣለች፤ ፊልሙም ያልቃል።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ልብ በል። በዳይዋ ቀልደኛ፣ ተበዳዩ ቂመኛ ተደርገው ተሣሉ። ይህ ዜማ ለጆሯችን አዲስ ነውን? «ያለፈው አልፏል፣ አንተ ነህ ቂም የያዝከው» የሚለውን ቃል ከአገራችን ስንት ጊዜ ሰማነው? በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ የልጃቸውን ሬሳ ለመውሰድ የጥይቱን ዋጋ ክፈሉ የተባሉ ወላጆች ነበሩ። በመስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የእነዚያን ልጆች ፎቶግራፍ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ደርድሮ ይዟል። ማዕከላዊ የተባለው የምርመራ እስር ቤት በደርግ ዘመንም ከደርግ በኋላም ሰው ሲገረፍበት ኖሮ የተዘጋው በ2010 ዓ.ም. ነው። እዚያ ያለፈ ሰው ሴክሽን 31 ምን እንደሆነ ፊልም አያስፈልገውም።

አንዳንዱ «ክፉ ሰው አይለወጥምን? ንስሐስ የለምን?» ይል ይሆናል። መልካም ጥያቄ ነው፤ መልሱም ከዚያው ከስታር ትሬክ አለ። በ1993 እ.ኤ.አ. «ዱዌት» በተሰኘው የዲፕ ስፔስ ናይን ክፍል ማሪትዛ የተባለ ሰው እናያለን። በጋሊቴፕ የግዳጅ ሥራ ካምፕ መዝገብ ያዥ ነበር። ማንንም በእጁ አልገደለም፤ የሚሰቃዩትን ጩኸት እየሰማ ጆሮውን ይደፍን ነበር እንጂ። ከዓመታት በኋላ ፊቱን በቀዶ ሕክምና አስለውጦ የሞተውን የካምፕ አዛዥ መስሎ በራሱ ፈቃድ ለተበዳዮቹ እጁን ይሰጣል፤ በአደባባይ ተከስሶ እንዲቀጣ፣ ሕዝቡም ወንጀሉን እንዲያምን ነው። ንስሐ ማለት ይህ ነው፤ ከተበዳዩ ፊት መቆም። መዝገብ ያዡ ይህን ሲያደርግ፣ ንግሥቲቱ ካጠፋቻቸው ሕዝቦች ለአንዱም እንኳ ቆማ አልመለሰችም። ዳኛ ሳይኖር፣ ምስክር ሳይሰማ፣ ካሳ ሳይከፈል የሚሰጥ ይቅርታ ንስሐ አይባልም፤ የሹመት ደብዳቤ ነው።

ሌላው «ተረት ነው፣ ለመዝናኛ ነው፣ አታካብዱት» ይላል። ተረትማ ተረት ነው። ነገር ግን አባቶቻችን ልጅን ያሳደጉት በተረት አይደለምን? ጅብ ዳኛ ሆኖ በተሾመበት ተረት የምንስቀው ጅብ ጅብ መሆኑን ስለምናውቅ ነው። ጅቡን በግ ነው ብሎ የሚያስተምር ተረት ግን በጎችን ያስበላል።

«የኢንተርኔት ቴሌቪዥን ከዚህ የተሻለ አይሠራም» የሚለውም ሐሰት ነው። ከስታር ዎርስ የተቀዳውን፣ በ2022 እና በ2025 እ.ኤ.አ. በ24 ክፍሎች የወጣውን «አንዶር» ተመልከቱ። እዚያም የደኅንነት መሥሪያ ቤት አለ፤ ነጭ ልብስ የለበሱ፣ በስብሰባ ለሹመት የሚሻኮቱ የቢሮ ሰዎች ናቸው። አንድ ሰው በመንገድ ሲሄድ ብቻ ተይዞ ስድስት ዓመት ይፈረድበታል፤ ከእስረኞች ጋር ሌት ተቀን የጦር መሣሪያ ዕቃ ሲገጣጥም ይውላል። ደራሲው ገራፊዎቹን ከቅርብ አሳየን፤ አላሽሞነሞናቸውም። ስለዚህ ጥፋቱ የቅጥያው አይደለም፤ የቀጣዩ ነው።

ታዲያ ይህ ነገር ለምን ተሠራ? ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። ይህ ታሪክ መጀመሪያ ተከታታይ ሆኖ እንዲሠራ የታወጀው በ2019 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ለዓመታት ከተንጠለጠለ በኋላ ወደ አንድ ፊልም ታጠፈ። በመካከሉ ሚሼል ዮ በ2023 እ.ኤ.አ. በሌላ ፊልም ኦስካር አገኘች። ስሟ ተመልካች ይጠራል፤ የስታር ትሬክም ስም ተመልካች ይጠራል። ሁለት ስም ካለ ገበያ አለ፤ አሳብ ባይኖርም ይሸጣል ተባለ። ተዋናይዋን የሚወቅስ የለም፤ ችሎታዋ የተመሰከረ ነው። የሚወቀሰው የነጻነትን ስም የያዘችውን መርከብ ለአፋኝ ያከራየው ነጋዴ ነው።

እንግዲህ ፊልሙን አትዩ አንልም፤ መከልከል የአፋኞች ሥራ ነው። ልመናችን ይህ ብቻ ነው፤ «ሴክሽን 31»ን የያዘ ስልክ «ዱዌት»ንም ይያዝ። ልጆች ሁለቱን አከታትለው ይዩ። ከዚያም አንድ ጥያቄ ጠይቋቸው፦ «ከሁለቱ ፊልሞች የተበደለው ሰው እንዲናገር የተፈቀደለት በየትኛው ነው?»