ደመናው፣ ምስክር ወረቀቱና ሁለተኛው ቅጂ

አንባቢ ሆይ፤ በክረምት ማለዳ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወርደህ ታውቅ እንደ ሆነ ነገሩን ትረዳዋለህ። ጦሳ ጉሙን ተከናንቧል፤ ሐረጎ ላይ መንገዱ ከሾፌሩ ዓይን ይጠፋል፤ መኪናውም መብራቱን አብርቶ ዝግ እያለ ይወርዳል። ኮምቦልቻ ሲደርሱ ግን ፀሓዩ ይወጣና የደረቡትን ያስወልቃል። እንግዲህ ደመናን በዓይኑ ለሚያውቅ ለደሴ ልጅ «ደመና ተማር፤ ምስክር ወረቀትም ያዝ» ቢሉት መሣቁ አይቀርም። ነገር ግን ምክሩ በተማሪውም በጀማሪው ሠራተኛም ዘንድ ስለ በዛ፣ በዚህ ሳምንት ስለዚሁ ጥቂት እንነጋገር። አንቺም እህቴ ሆይ፤ ነገሩ የወንዶች ብቻ አይደለምና አብረሽ አንብቢ።

የእንግሊዝኛው ቃል ክላውድ ነው፤ ትርጓሜውም ደመና። ሆኖም ሰማይ ላይ የተሰቀለ አንዳች ነገር የለም። ክላውድ ማለት በምድር ላይ የቆመ፣ ብዙ ሺህ ኮምፒዩተር የተደረደረበት፣ መብራትና ማቀዝቀዣ የማይለየው አዳራሽ ነው። ባለቤቱ ኮምፒዩተሩን በሰዓትና በመጠን ያከራያል፤ ተከራዩም ባለበት ሆኖ በኢንተርኔት ይሠራበታል። ምሳሌው ሩቅ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመልከት፤ ልብስ ለመስፋት የመጣው ባለሀብት ሕንፃውን ከመሠረቱ አላቆመም፤ የተዘጋጀለትን ሼድ ተከራይቶ መኪናውን ተከለ እንጂ። አማዞን ይህን ንግድ በ1998 ዓ.ም. ሲጀምር፣ ኮምፒዩተር የማከራየቱን አገልግሎት የቀየሱት መሐንዲሶች ይሠሩ የነበረው በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን ከተማ ነበር። ስለዚህ ሙያው ለአፍሪካ ልጅ ባዕድ ነው የሚል ሰው ተሳስቷል።

ከትምህርቱ ሁሉ ለእኛ የሚበልጠው የቱ ነው? የሁለተኛው ቅጂ ትምህርት ነው። አማዞን በአንድ አካባቢ ሲሠራ አዳራሾቹን ቢያንስ በሦስት የተለያዩ ስፍራዎች ይከፍላቸዋል፤ ስፍራዎቹ በብዙ ኪሎ ሜትር ይለያያሉ፤ ነገር ግን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ አይራራቁም። አንዱ ስፍራ እሳት ቢነሣበት ወይም መብራት ቢጠፋበት ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉና፣ መዝገብህን በደሴ፣ ቅጂውን በኮምቦልቻ እንደ ማኖር ቁጠረው።

ይህስ ይበቃልን? አይበቃም። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ጦርነቱ ደሴንም ኮምቦልቻንም በጥቂት ቀን ልዩነት አገኛቸው። የመንግሥት ጦር ሁለቱን ከተሞች መልሶ መያዙ የተነገረው ኅዳር 27 ቀን ነው። በዚያ መካከል የደሴ ሆስፒታልና ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘረፉ። ኮምፒዩተር ሲወሰድ በውስጡ ያለው መዝገብ አብሮ ይሄዳል። ኮምፒዩተሩስ በገንዘብ ይተካል፤ የበሽተኛ ታሪክ፣ የተማሪ ውጤት፣ የይዞታ ማስረጃ ግን በምን ይተካል? እነሆ፣ ሁለቱ ከተሞች ባንድ ወቅት ስለ ተመቱ፣ ሦስተኛው ቅጂ ከሁለቱም ርቆ መቀመጥ ያስፈልገው ነበር። የክላውድ መምህራን በሥዕል የሚያስረዱትን ይህን ነገር ወሎ በመከራ ተምሮታል።

ይሁን እንጂ ደመናን ብቻ ማመንም አይገባም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት አንሥቶ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር፤ ሰነዱን ሁሉ በሩቅ አዳራሽ ብቻ ያኖረ ሰው ያን ጊዜ ቁልፉ ጠፍቶበት ደጅ እንደ ቀረ ባለቤት ይሆናል። ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ በቨርጂንያ ባለው የአማዞን ማዕከል ብልሽት ደርሶ በዓለም ብዙ አገልግሎቶች ለሰዓታት ተቋርጠዋል። ስለዚህ የሙያው ሰዎች ደንብ ይህ ነው፦ ሦስት ቅጂ ይኑርህ፤ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ ይቀመጥ፤ አንዱ ከስፍራው የራቀ ይሁን። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንህ ግን የሕዝብን መዝገብ በገዛ ፈቃድህ ወደ ውጭ አገር አዳራሽ አትስደድ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷልና አስቀድመህ አለቃህን ጠይቅ። ኢትዮ ቴሌኮምም በ2015 ዓ.ም. ቴሌክላውድ የተባለውን አገልግሎት ጀምሯል።

አሁን ወደ ምስክር ወረቀቱ እንምጣ። የአማዞን የመጀመሪያ ደረጃ ፈተና ክላውድ ፕራክቲሽነር ይባላል፤ 65 ጥያቄ፣ 90 ደቂቃ፣ ዋጋው 100 ዶላር ነው። ከ1000 ነጥብ 700 ያገኘ ያልፋል። ወረቀቱ የሚያገለግለው ለሦስት ዓመት ነው። የማይክሮሶፍት አቻ የሆነው አዙር ፈንዳሜንታልስ ግን ጊዜው አያልፍም። ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ 100 ዶላር ከ10 ሺህ ብር በላይ ሆኗልና፣ ለጀማሪ ሠራተኛ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ትምህርቱ ግን በሁለቱም ኩባንያዎች ዘንድ በነጻ ይገኛል። እንግዲህ የሚከፈልበት ወረቀቱ እንጂ ዕውቀቱ አይደለም።

አንድ የማውቀው ወጣት የፈተናውን ጥያቄና መልስ ከሰው ገዝቶ በቃሉ ሸመደደና አለፈ። ሥራ ሊቀጠር በሄደ ጊዜ ጠያቂው ኮምፒዩተር ከፊቱ አቅርቦ «እስቲ ይህን መዝገብ ቅጂ አስቀምጥልን፤ ከዚያም አጥፍተህ መልሰህ አምጣው» ቢለው፣ ማጥፋቱን ቻለበት፤ መመለሱን ግን አቃተው። ወረቀቱ በኪሱ ነበረ፤ ሥራውን ግን ሌላ ሰው ወሰደው።

አንድ አዲስ ነገርም ልብ በል። አማዞን ቀድሞ ለአዲስ ደንበኛ ለ12 ወር የሚሆን ነጻ መሞከሪያ ይሰጥ ነበር፤ ከሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ሥርዓቱ ተለውጧል። አዲስ ገቢ ለአገልግሎቱ ብቻ የሚውል የ100 ዶላር ሒሳብ ያገኛል፤ የታዘዙትን ልምምዶች ሲፈጽም ደግሞ እስከ 100 ዶላር ይጨመርለታል። ነጻው ጊዜ የሚያበቃው በስድስት ወር ወይም ሒሳቡ ሲያልቅ ነው። ሲመዘገቡም የባንክ ካርድ ይጠየቃል። ስለዚህ ችኩል ተማሪ አትሁን። መጀመሪያ ነጻውን ትምህርት ጨርስ፤ ልምምድህን በደብተር ጻፍ፤ ከዚያ በኋላ ሒሳቡን ክፈት። አለበለዚያ ስድስቱ ወር አንተ ገና ፊደል ስትቆጥር ያልቃል። በኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለህ ተማሪ ከሆንህ ከጓደኞችህ ጋር ሁናችሁ አጥኑ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ለዛሬ የምሰጥህ የቤት ሥራ ግን ገንዘብም ካርድም አይጠይቅም። ነገ ጧት መሥሪያ ቤት ስትገባ ዙሪያህን ተመልከትና ራስህን ጠይቅ፦ ይህ ክፍል በአንድ ሌሊት ቢጠፋ ምን ይቀርልናል? ተማሪም ብትሆን ስለ መመረቂያ ጽሑፍህ ይህንኑ ጠይቅ። መልሱን በአንድ ገጽ ጽፈህ፣ የትኛው መዝገብ ቅጂ እንደሌለው ለይተህ ለአለቃህ አቅርብ። ይህን ያደረገ ሠራተኛ ፈተናውን ሳይቀመጥ የትምህርቱን እኩሌታ ጨርሷል። አባቶችስ «ሳይቃጠል በቅጠል» ይሉ የለምን?