ጂንሲያ እናወጣላችኋለን ለሚሉን ደላሎች

ጅዳም መካም ያለነውን «10 ዓመት ከሞላሽ ጂንሲያ ይሰጥሻል፣ ፎርሙን እኔ አዘጋጅልሻለሁ» እያሉ ሪያል የሚሰበስቡብን ደላሎች በዝተዋል። ውሸት ነው!

የሳዑዲ ህግ 10 ዓመት የሚለው በተከታታይ፣ በህጋዊ ኢቃማ የተኖረውን ነው። ሁሩብ ተብለሽ በድብቅ የሰራሽው አይቆጠርም። ለእረፍት አገር ቤት ገብተሽ፣ እናት ታማብሽም ይሁን፣ የመመለሻ ቪዛሽ ካለፈ ኢቃማሽም አብሮ ሄደ። በሌላ ከፊል ስትመጪ ከዜሮ ነው።

ቢሞላስ? ሙያሽ ይጠየቃል፣ በነጥብ ይመዘናል። ለተማረ ዶክተርና ኢንጂነር ነጥብ አለ። ልጆቻቸውን ያሳደግንበት፣ ሽማግሌዎቻቸውን ያጠብንበት፣ ረመዳንን ሙሉ ለሊት ወጥ ቤት የቆምንበት ግን ነጥብ የለውም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ደላላው ይህን ያውቃል፤ ግን አይነግርሽም። በአዋጅ 378/1996 ፈቅዳ የሌላ አገር ዜግነት የያዘች ኢትዮጵያዊነቷን እንደተወች እንደምትቆጠርም አይነግርሽም።

ልጅ የወለዳችሁ ደግሞ ስሙኝ። አባቱ ሳዑዲ ካልሆነ መካ መወለዱ ብቻ ሳዑዲ አያደርገውም። በህገ መንግስታችን አንቀፅ 6 ግን ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ልጁም ኢትዮጵያዊ ነው። አባትየው ቢክድም አንቺ ትበቂያለሽ። ስለዚህ ለደላላው ያስቀመጥሽውን ሪያል ያዢና፣ ከሆስፒታል የተሰጠሽን የልደት ወረቀት ይዘሽ ጅዳ ቆንስላችን ሂጂ። ልጁ ሳያድግ፣ ሹሜሲ ሳትገቢ።